ጉልበት ላይ የቆመ ተኩስ

ጥቅምት 11

ለማትታዪኝ ግን ለማልረሳሽ፣ የአክስቴ ልጅ ልጅ ለሆንሽው፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ፖስታ ቤቱን ጠይቆ፣ ደጅሽ ድረስ ይምጣ። ጤናሽ እንደ አለት፣ ሐሳብሽ እንደ ላባ ይሁንልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የጉልበቴ ነገር ካልተነሳ።

በመጀመሪያ ይህን የእጅ ጽሑፍ ተመልከቺልኝ። ጎረቤት አልጻፈውም። የጎረቤት ልጅም አልጻፈውም። ራሴ ነኝ! እኔ አጎትሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ ካውያው የሚለኝ፣ በስተርጅና የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል የሚባለውን መንጋ ከነግልገሉ አስሬ ይኸው በመስመር እየነዳሁት ነው። መምህሯ በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች። «አባባ፣ እርስዎ ክፍሉን ይረብሻሉ፤ ግን አንደኛ ነዎት» ብላኛለች። «አንደኛ ነዎት» ያለችውን ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። ሌላውን ላንቺ ብቻ።

የአባትሽን ማረፍ የሰማሁት ከደብዳቤሽ ነው። ነፍሱን በደህና ስፍራ ያኑርልን፤ አንቺንም ያጽናሽ። መርዶውን ማንም አላነበበልኝም። «አባቴ» የሚለውን አነበብኩና ቀጥሎ ያለው ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ። ፊደሉ ከብዶኝ እንዳይመስልሽ። ድሮ ሰው ሲያነብልኝ ፊቱን እያየሁ ቀድሜ እዘጋጅ ነበር። ለካስ ራሱ የሚያነብን ሰው ማንም አያዘጋጀውም።

አባትሽ፣ እኛ ፎቶው የምንለው፣ ወደቡ አጠገብ እንደ ቁምሳጥን የጠበበ ስቱዲዮ ነበረው። የኔ የመተኮሻ ክፍል ከሱ ጋር በአንድ ግድግዳ ይጋጠማል። እሱ ያነሳል፣ እኔ እተኩሳለሁ። ዛሬ ወጣቶች «አባባ፣ በጦርነቱ ጊዜ ምን ነበሩ?» ሲሉኝ «ተኳሽ ነበርኩ» እላቸዋለሁ። ተነስተው ወንበር ይለቁልኛል። ዋሸሁ እንዴ? ባሕር ኃይሉ በሞላ በኔ ካውያ ሥር አልፏል። እኔ ሳልተኩስለት ማን ሰልፍ ወጣ!

አሁን ወደ ጉዳያችን። ከአባትሽ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያገኘሽውን ፎቶ ልከሽ፣ «ይህ ባሕረኛ ማን ነው? ልብሱስ የየትኛው ጊዜ ነው?» ብለሽኛል። ጠያቂም እንዳንቺ፣ ተጠያቂም እንደኔ! ሦስት ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ አንገትጌ የኛው ባሕር ኃይል ነው። እሱ አንገትጌ ከሸሚዙ ይፈታል፤ ለብቻው ይታጠባል፣ ለብቻው ይተኮሳል። ከአንገቱ የታሰረው ጥቁር ሐር የሐዘን እንዳይመስልሽ፣ የደንብ ነው። ፎቶው ደረት ላይ ተቆርጧል እንጂ ሱሪውንም በነገርኩሽ። የባሕረኛ ሱሪ እንደኛ ሱሪ በቁመቱ አይተኮስም። ውስጡ ወደ ውጭ ይገለበጥና በወርዱ እየታጠፈ፣ አግድም አግድም፣ እንደ መሰላል ይተኮሳል። ይህን የማያውቅ ተኳሽ ካውያውን ሸጦ ድንች ይቀቅል።

ሰውየውስ? ፎቶው የክብሪት ቤት ያህል ነው፣ መነጽርም የለኝም። ልቤ ግን አየው። ወንድምጋሼ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ባሕረኛው።

አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። ንጋት የምትባል መርከብ ላይ ነበር። ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ንጋት ሰጠመች፣ ከነሰዎቿ አሉን፤ መርዶው መጣ። ሚስቱ ጥቁር ለበሰች። ዓመት ካለፈ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ «ቤቱ ከሚፈርስ» ብሎ እኔንና እሷን አጋባን። ይኸው ዛሬ የልጆቼ እናት፣ የቤቴ ጄኔራል ናት። ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ቆማ «ቀለሙን ፈጀኸው» እያለችኝ ነው።

የሱ አንድም ፎቶ የለንም። አደራሽን፣ አጉልተሽ ላኪልኝ። ለጄኔራሏ እሰጣታለሁ፤ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትመርቅሻለች። መነጽርም ላኪልኝ። ኮፍያው ላይ ያለው ሪባን የመርከቡን ስም ይይዛልና «ንጋት» የሚለውን በገዛ ዓይኔ ማንበብ እፈልጋለሁ። ያኔ እነዚያን ሪባኖች ስተኩስ ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር። አንዴ አንዱን ገልብጬ ሰፍቼው ሻለቃው «አንተ፣ መርከቧን ገለበጥካት!» ብለው ጮኹብኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አንድ እውቀት ልጨምርልሽና ልሰናበት። «ሀ» ሦስት ነው፦ ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ። ባሕር የሚጻፈው በሐመሩ ነው። ሐመር ማለት ደግሞ መርከብ ማለት ነው። ገባሽ? ባሕር በሚለው ቃል መሃል መርከብ ተቀምጣለች! ይህን ስሰማ ክፍል ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ስልክ እንዳትደውዪ። በስልክ የእጅ ጽሑፌ አይታይም።

አጎትሽ ካውያው
(ፊርማውም የኔ ነው)


ኅዳር 20

ለማከብርዎ ጋሼ፣ ለእትዬም ጭምር፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከአባቴ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። እግዜር ጤናውን ያብዛልዎ፤ እጅዎም አይዛል። ልጆቼ ጽሑፍዎን አይተው «ሲሮጥ የተጻፈ ይመስላል» አሉ። ሲሮጥ ሳይሆን ሲደሰት ነው አልኳቸው።

መነጽሩ እሽግ ውስጥ አለ። ፎቶውንም አጉልቼዋለሁ። እንደሚያውቁት የምሠራው የድሮ ፎቶ የሚያድስ ሱቅ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ በቀጭን ብሩሽ ከሰው አያት ፊት ላይ ሻጋታ አነሳለሁ። የሱቁ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ የጦርነት ጊዜ ልብሶችን ከፎቶ ላይ እየለዩ ዘመኑን መናገር ይወዳሉ። ለልጆቼ አንድ አልበም እያዘጋጀሁ ነው፤ ከያንዳንዱ ፎቶ ሥር የሰውየውን ማንነትና ዓመቱን እጽፋለሁ። አባቴ ስለ ቀድሞ ሕይወቱ ሳይነግረን ሄደ፤ እኔም ለልጆቼ ባዶ ገጽ ማስረከብ አልፈልግም።

አንድ ነገር ግን አልገጥም ብሎኛል። ሪባኑን አጽድቼ አየሁት። «ባሕር ኃይል» ብቻ ነው የሚለው። ንጋት የሚል የለበትም። የሱቁ ባለቤት «በጦርነት ጊዜ ጠላት እንዳያውቅ የመርከብ ስም ከሪባን ላይ ይነሳል፤ በብዙ አገር እንዲህ ነበር» አሉኝ። በእናንተም እንዲያ ነበር? ከሆነስ ስሙ የተነሳው መቼ ነው? ንጋት የሰጠመችው ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ነው ስላሉኝ ዓመቱን መጻፍ አቅቶኝ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ።

እትዬን ሳሙልኝ። ፎቶውን ስታይ ምን እንዳለች ይጻፉልኝ።

የፎቶው ልጅ


ጥር 28

ልጄ ሆይ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤

የዘገየሁት በፈተና ምክንያት ነው። አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣችው ሴትዮ እስካሁን አታናግረኝም።

መነጽሩ ደርሷል። ጄኔራሏ «ዳኛ መሰልክ፣ ፍረድ እንጂ» አለችኝ። ለጊዜው የምፈርደው ነገር የለም አልኳት።

ስለ ፎቶው ተሳስቻለሁ። በመነጽር ሳየው ወንድምጋሼ አይደለም። ጆሮው አይገጥምም። ዓሣ ሻጭ ይሆናል፤ ያኔ የባሕረኛ ልብስ ተውሶ ፎቶ መነሳት ፋሽን ነበር። አንዳንዱም ልብሱን ከኔው ዘንድ ነው የሚዋሰው። «ያልታወቀ ባሕረኛ» ብለሽ ጻፊበት፤ ሲነበብም ያምራል።

የሪባኑ ነገር፣ አዎ፣ ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። ስሞቹ ይነሱ የሚል ትእዛዝ መጥቶ ነበር። ትእዛዙ የመጣው ግን ንጋት ከሰጠመች ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ እኔ ካገባሁ በኋላ። አሮጌዎቹን ሪባኖች በከረጢት ሰብስቤ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አየሽ፣ እሱ ሊሆን አይችልም። የሞተ ሰው አዲስ ሪባን አያስርም።

ለጄኔራሏ አላሳየኋትም። የማያውቁትን ዓሣ ሻጭ ምን ብለው ያለቅሱለታል?

ከእንግዲህ ስትጽፊ በማታ ትምህርት ቤቱ አድራሻ ይሁን። ፖስተኛው ውሻችንን ፈርቶ ቤት አልመጣ ብሏል።

ሌላ ፎቶ ካለ አትላኪ፤ ለፖስታ ማባከን ነው።

ካለ ግን ላኪ።

አጎትሽ


የካቲት 25

ለማከብርዎ ጋሼ፤

በያላችሁበት ሰላም ያቆያችሁ። አንደኛ በመውጣትዎ እንኳን ደስ ያለዎ፤ ልጆቼ «የኛ ዘመድ ነው አንደኛ የወጣው» እያሉ ጓደኞቻቸው ላይ ኮርተዋል።

እንዳሉኝ «ያልታወቀ ባሕረኛ» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱን ልንገርዎ። አባቴ ይህን ፎቶ ሳጥኑ ውስጥ ሁልጊዜ በፊቱ ደፍቶ ነበር የሚያስቀምጠው። ልጅ ሆኜ አንስቼ «ይሄ ማነው?» ስለው «እሱን ፎቶ ያነሳሁት ከሞተ በኋላ ነው» ይለኝ ነበር። እኔ የፎቶ አንሺ ቀልድ ይመስለኝና እስቃለሁ። እሱ ሲስቅ አላስታውስም።

ባለፈው ሳምንት ከሳጥኑ ሥር፣ ከተለጠፈው ወረቀት በታች፣ ኔጋቲቩን አገኘሁት። የላክሁልዎ ፎቶ የተቆረጠ ነበር። ሙሉው ይኸው፤ ሰውየው ከኮፍያው እስከ ጫማው ቆሞ ይታያል። አትላኪም ላኪም ስላሉኝ ሁለተኛውን ሰማሁ።

ሱሪውን ይመልከቱልኝ። እርስዎ በነገሩኝ ደንብ አግድም አልተተኮሰም። በቁመቱ ነው የተተኮሰው፤ ያውም ከእግሩ ጫፍ ተነስቶ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከጉልበት በላይ ጭምድድ እንዳለ ነው። በሁለቱም እግሩ እንዲያው ነው። የሱቁ ባለቤት አልበሞቻቸውን ሁሉ ገልብጠው እንዲህ ያለ ደንብ በየትኛውም ባሕር ኃይል አጡ። «ይህን የሚያውቅ የተኮሰው ሰው ብቻ ነው» አሉኝ።

ጋሼ፣ ከከበደዎ መልስ አይጻፉልኝ። ዓመቱ ለአልበም ነው፤ አልበም ደግሞ ይጠብቃል።

የፎቶው ልጅ


ግንቦት 2

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ?

መልስዎ ስለዘገየ ሰጋሁ። ፎቶው ደርሶዎት ይሆን? ጉልበትዎስ? ማንም ቢሆን «ደህና ናቸው» የምትል አንዲት መስመር ይጻፍልኝ።

ከፎቶው ሥር የጻፍኩትን ፍቄዋለሁ። አሁን ባዶ ነው።


ሰኔ 6

ለልጄ፤

ፎቶው ደርሶኛል። ጉልበቴም ደህና ነው። የጠፋሁት እስክሪብቶ ጠፍቶብኝ አይደለም።

ከመተኮሻዬ ጨርቅ ሥር ነው ያኖርኩት። በላዩ ላይ የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ጠዋት አውጥቼ አየዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ፤ ሻይ ጠጥቼ ደግሞ አወጣዋለሁ።

ያ ተኩስ የየትኛውም ባሕር ኃይል ደንብ አይደለም። የጄኔራሏ እጅ ነው።

ካውያ ያስያዝኳት እኔ ነኝ፣ ከተጋባን በኋላ። ከዚያ በፊት ፍሙን እንኳ ትፈራው ነበር። አግድም አጣጥፋ መተኮስ ሰለቻትና ሁሉንም ሱሪ በቁመቱ ታወርደው ጀመር። «አንቺ፣ ባሕረኛውን ሁሉ የቢሮ ጸሐፊ አደረግሽው» እላታለሁ። «ጸሐፊ ቢሆኑ በማን ዕድላቸው፣ አይሰጥሙም» ትለኛለች። ከዚያ የመጀመሪያ ልጃችንን አረገዘች። ሆዷ ሲገፋ ጠረጴዛው ላይ ማጎንበስ አቃታት፤ እጇ የሚደርስላት እስከ ጉልበት ብቻ ሆነ። እዚያ ድረስ ተኩሳ ትተወዋለች። ባሕረኞቹ ሱሪያቸውን ይዘው «ምንድን ነው ይሄ?» ብለው ሲመጡብኝ «አዲስ ፋሽን ነው፤ ተኩስ አቁም ይባላል» አልኳቸው። በጦርነት መሃል! እየሳቁ ለብሰውት ሄዱ። ልጁ ሲወለድ ተኩሷ እስከ ወገብ ወጣ። ከዚያች ወቅት በፊት እንዲያ ያለ ሱሪ አልነበረም፤ ከዚያም ወዲህ የለም።

እንግዲህ ሰውየው ወንድምጋሼ ነው። ጆሮው አይገጥምም ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ጆሮው የኔው ጆሮ ነው። ከንጋት ጋር አልሰጠመም። በሕይወት ነበር፤ መጥቶም ነበር። እሷም አይታዋለች። ሱሪውን በኔ ካውያ፣ በኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጄን በሆዷ ይዛ ተኩሳለታለች። ለኔ ግን ቃል አልተነፈሰችም። አባትሽም በግድግዳው ማዶ ሆኖ አልነገረኝም። አንድ ግድግዳ ያህል ርቀት ላይ እየቀለድኩ ኖሬያለሁ።

አልጠየቅኳትም። ጠዋት ጠዋት «ብትፈልግ ኖሮ አብራው ትሄድ ነበር፤ እኔን መርጣ ነው» እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ሆዷ ባይገፋ ኖሮ ትሄድ ነበር» እላለሁ። ከሰዓቱ ከጠዋቱ ይረዝማል። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ቤት የኔ ይሁን የአደራ አላውቅም። የምፈራው ይህንኑ ነው። ብጠይቃት ትነግረኛለች፤ እሷ አትዋሽም። ካልተጠየቀች ብቻ ነው ዝም የምትለው።

የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ቤት ይዤ ገብቼ ነበር።

«ምን ትላለች?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ ትላለች። ብርድ ነው ትላለች።»

«ሌላስ?»

«ዝናብም አለ ትላለች።»

«ያኛውስ? ያ በመጋቢት የመጣው ባለ ሁለት ገጽ፤ ያነበብክልኝ?»

«እሱም ዝናብ ነው።»

«ሁለት ገጽ ሙሉ?»

«እዚያ አገር ይዘንባል።»

«ገጹን እኮ ሳትገለብጠው ነው ያነበብከው» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፊደል አታውቅም፤ እኔን ግን ታነባለች። ከዚያ ዞር ሳትል «ሰሞኑን ቀልድ የለም። ታመሃል እንዴ?» አለችኝ።

አንቺ ብትሆኚ ትጠይቂያት ነበር? ያነበብኩት ነገር ሁሉ መልስ ነበረው። መምህሯ የጥያቄ ምልክት እንዴት እንደሚጻፍ አስተምራኛለች፤ ምን ላይ እንደማይጻፍ ግን አላስተማረችኝም።

ካውያው


ሐምሌ 3

ልጄ፣ ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

የምጽፍልሽ እኔ ሚስቱ ነኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አንድ ቃል ቢጨምር፣ አንድ ቃል ቢቀንስ አልምረውም ብዬዋለሁ። ይህንንም ጻፈው ብዬዋለሁ።

መጀመሪያ፣ እኛ ቤት ውሻ የለም።

ፎቶውን ካገኘሁት ቆየሁ። የመተኮሻውን ጨርቅ የማጥበው ማን መስሎት ነው? አየሁት፣ መለስኩት። እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። እሱ ደግሞ እስክነግረው ይጠብቃል። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ወረቀት ዙሪያ ድብብቆሽ ስንጫወት ከረምን። ትናንት ጨርቁን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና «በል ዳኛው፣ ፍረድ» አልኩት። ተቀመጠ። ላንቺ የጻፈልሽን ነገረኝ። እኔን ያልጠየቀኝን አንቺን መጠየቁ ቆጨኝ። ቢሆንም መልሱ ለሁለታችሁም አንድ ነው፤ ስሚ።

ወንድሙ የመጣ ዕለት ይሄኛው ባሌ ልብስ ሊያደርስ ጦር ሰፈር ሄዶ ነበር። ያኛውን በሩ ላይ ቆሞ ሳየው ካውያው በእጄ ነበር። አልጮህኩም። መርከቧ ስትሰጥም ጠላት ከውሃ አውጥቶ ማርኮት ነበር፤ ምርኮኛ ሲለዋወጡ ነው የለቀቁት። ከስቶ ነበር። አዲስ ልብስ ሰጥተውት ጭምድድ ብሎ ለብሶታል። ፊቴን አየ፣ ሆዴን አየ፣ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን የወንድሙን ኮት አየ። የማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

«ያስቅሻል?» አለኝ።

«ያስቀኛል» አልኩት።

«እኔ አንድ ቀን አስቄሽ አላውቅም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ደግ ነበር፤ ዓሣ ይዞልኝ ይመጣ ነበር፤ ጫማዬን ይጠግንልኝ ነበር። ግን አያስቅም።

«እንዳትነግሪው» አለኝ። «ከነገርሽው መሳቁን ይተዋል። እኔ ዘመድ የለኝም ብዬ አስመዘግባለሁ። ለአንድ ሰው ሁለት መርዶ አይገባም።»

ከዚያ «ፎቶ ልነሳ ነው፤ ሱሪዬን ተኩሺልኝ» አለኝ። መጋረጃው ጀርባ ሆኖ አቀበለኝ። እስከ ጉልበቱ ተኮስኩለት። «ከዚህ በላይ አይደርስልኝም» አልኩት። «ይበቃል» አለኝ። ልብስ ሲተኮስ ውሃ ይረጭበታል። ያን ቀን ውሃ መርጨት አላስፈለገኝም።

ወደ አባትሽ ክፍል ገባ። በግድግዳው በኩል አባትሽ ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ የፎቶ ማሽኑ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ በሩ። ወደ ጦርነቱ ተመልሶ በዚያው ቀረ፤ ባህር ወሰደው። መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ እንዳለውም ሁለተኛ መርዶ አልመጣም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጊዜ በውሸት ጥቁር ለበስኩ፤ እውነተኛው ቀን ሲደርስ ግን ምናልባት ነጭ ለብሼ የሰው ሸሚዝ እተኩስ ነበር። ምናልባት ይሄኛው አንድ ነገር ብሎኝ እየሳቅኩ ነበር። እሱን ሳስብ ነው የሚከፋኝ። ሌላውን ችዬዋለሁ።

አብሬው መሄድ እችል ነበር። እርጉዝ መርከብ አትሳፈርም ያለ የለም። አልሄድኩም። ይህን ጻፈው። ጻፍከው? ጻፍኩት ይላል።

ግን ወንድሙ እንዳለው ሆነ። ፎቶው ከመጣ ጀምሮ ቤታችን ሳቅ የለም። ያንን ሁሉ ዘመን አፌን የዘጋሁት እንዳይጠፋ ለፈራሁት ነገር ነበር፤ ይኸው ጠፋ። ፈረደብኝ አልልም፤ እሱም ወንድሙን ገና አሁን ነው የቀበረው። ይጠብቃል፤ እኔም መጠበቅ ለምጃለሁ።

ከፎቶው ሥር ያልታወቀ ብለሽ እንዳትጽፊ። ስሙን በሌላ ቁራጭ ወረቀት አስጽፌ አጣጥፌ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ አንደኛ ነኝ የሚለው ሰውዬ ያችን አንዲት ስም ለመጻፍ ስንት ወረቀት አበላሸ መሰለሽ። ዓመቱን ተዪው። ባዶ ይሁን።

ሌላ የምለው የለኝም። ቀለሙን ጨረስነው።


ከዚህ በታች ያለው የኔ የካውያው ነው።

እንዳለችው ጻፍኩ። አንድ ቦታ ባህር የሚለውን በሃሌታው ጽፌዋለሁ። ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፤ በሐመሩ ልጽፈው እጄ እምቢ አለኝ።

ከራሴ የጨመርኩት አራት ነጥቡን ብቻ ነው። ዝም ባለች ቁጥር አንድ አደርጋለሁ።